የይሉኝታ ሳንቃ

ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሳንቃዎቹ ነው። ቦቲውን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያጠልቃል፤ ግራ እግሩን ለማስገባት ይታገላል፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ይለዋል። ከዚያ መንጠቆውን ከግድግዳው ላይ አውርዶ በግድቡ ጫፍ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቀስ እያለ ይራመዳል።

ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ሰው ሠራሽ ነው። ድሮ ጅረት የሚያልፍበት ሸለቆ ነበር። ቤት ሠሪዎች መጥተው ገደቡት፣ ዙሪያውን ቤት ሠሩበት፣ ሸጡና ሄዱ። ውሃው ለገዙት ሰዎች ቀረ። እነሱም ማኅበር አቋቁመው ውሃውን የሚጠብቅላቸው ሰው ቀጠሩ፤ የቧንቧ ሠራተኛ የነበረውን እሱን።

ውሃው የሚወጣበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሁለት የሲሚንቶ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በሁለቱም ላይ ከላይ እስከ ታች የተፈለፈለ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ወፋፍራም ሳንቃዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። ሳንቃ ሲጨመር ሐይቁ ከፍ ይላል፣ ሳንቃ ሲነሳ ዝቅ ይላል። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳም ከዚህ አያስረዝመውም። "ሳንቃ አስገባለሁ፣ ሳንቃ አወጣለሁ" ይላል። የሰፈሩ ሰው አባ ሳንቃ ይለዋል፤ ለክፋት ብሎ አይደለም። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እየቀነሱ ሄደው የቀረችው እህቱ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ እሷም የምትጠራው "አንተ ልጅ" እያለች ነው።

ችግሩ ሐይቁ አንድ ሆኖ ሰፈሩ ሁለት መሆኑ ነው። ላይኛው ሰፈር ጅረቱ በሚገባበት በኩል ያለው ነው። እዚያ ውሃው ስስ ስለሆነ አንድ ሳንቃ ከተነሳ ከደረጃቸው ሥር ይሸሽና ጭቃ ትቶላቸው ይሄዳል። ጭቃው ይሸታል፤ ጀልባዎቻቸው በጎናቸው ይጋደማሉ። ታችኛው ሰፈር ግድቡ አጠገብ ነው። እዚያ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አንድ ሳንቃ ከተጨመረ ወለላቸው ያልበዋል። ላይኞቹ ብዙ ናቸው፣ አፍም አላቸው። ታችኞቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚያማርሩትም እርስ በርስ ነው። ከሁሉም ዝቅ ያለችው ቤት ከሥራው ጋር የተሰጠችው ናት፣ የእሱ።

በዚህ ላይ አረሙ አለ። ጭራ ይሉታል፤ እውነትም ከውሃው በታች ሲወዛወዝ የፈረስ ጭራ ይመስላል። ቢቆርጡት ቁራጩ ተንሳፍፎ ሄዶ በደረሰበት ሥር ይሰዳል፤ ከአንዱ አሥር ይወለዳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የተባለው ለእሱ ይመስላል። የሚገድለው ድርቀት ብቻ ነው። በበጋ ሳንቃዎቹን አውጥቶ ዳር ዳሩን ማራቆት፣ ፀሐይ እስከ ሥሩ እንድትገባበት መተው፣ የደረቀውን በመንሽ ሰብስቦ ከውሃው ማራቅ፣ ደመና ሲከብድ መልሶ መዝጋት። ለዚህ ደግሞ ላይኞቹ አንድ በጋ ጭቃ ማየት አለባቸው። ይህን ንግግር በየዓመቱ ይሰማዋል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የአረሙን ያህል ይደክመዋል።

እህቱ ታላቁ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየለወጠ ነበር፤ በልብስ ስፌት ያሳደገችው እሷ ናት። አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ድራ ስታበቃ የስፌት መኪናዋን ይዛ እሱ ዘንድ መጣች። እሱ አላገባም፤ ለምን አላገባህም የሚሉት ድሮ ነበሩ፣ አሁን እነሱም ሰልችተዋል። ብርሃን ስላለው ወደ ግድቡ የሚያየውን ክፍል ለቀቀላት። እዚያ መጋረጃ ትሰፋለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የሁለቱንም ሰፈር ሱሪ ታሳጥራለች። ሳንቃዎቹ ላይ ቆሞ ቀና ሲል ያጎነበሰ ራሷ በመስኮቱ ይታየዋል። እሷም ቀና ካለች መርፌ የያዘ እጇን ታወዛውዝለታለች። ሁለቱ ቀኑን የሚውሉት እንዲህ እየተያዩ ነው።

ክፍሉ ግን ይረጥባል። ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች ቀለሙ እየተላጠ ይወድቃል። ምንጣፉን አንስታ ከጣለችው ቆይታለች። የመኪናዋን እግሮች ጡብ ላይ አቁማለች፤ ጨርቋን ሁሉ ገመድ ላይ ትሰቅላለች። ሐይቁ ሲሞላ ሳሏ ይብሳል፣ ሲጎድል ይሻላታል። "እኔ የሐይቁ መለኪያ ነኝ" ትላለች። "ቀለም ቀብታችሁ አቁሙኝ።"

ነገሩ የጀመረው በቀልድ ነው። ላይኛው ሰፈር አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ጀልባውን እንደ ልጁ የሚወድ ሰው። አንድ በጋ ውሃው ከደረጃው ሲሸሽበት ወደ ግድቡ መጥቶ ሰው በተሰበሰበበት፣ "አባ ሳንቃ፣ የእህትህን ወለል ልታደርቅ ነው እንዴ የኛን ውሃ የምታፈሰው?" አለው። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ውሃው በሚወጣበት ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። ሐይቁ ሲሞላ የት ድረስ እንደሚቆም ሁለቱ ሰፈሮች በደጉ ቀን ተስማምተው ያስቀቡት ነው። በዚያው ዓመት፣ ከዝናቡ በፊት፣ ሳንቃዎቹን መልሶ እየደረደረ ቀዩ መስመር ጋ ደረሰ። ሥራው አልቆ ነበር። መሬት ላይ ግን አንድ ትርፍ ሳንቃ ተኝቷል፣ ሌላው ሲሰበር እንዲተካ የተቀመጠ። ቆሞ አየው። ወደ እህቱ መስኮት አየ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር አየ። ከዚያ ትርፉን ሳንቃ አንስቶ ከላይ አስገባው። ማንም አላዘዘውም። ማንም እንዳይናገረው ብሎ ነው።

በቀጣዩ ዓመትም አስገባው። በቀጣዩም።

የቀረው ሰው አንስቶ አልጠየቀውም። እህቱ ግን ቀዩ መስመር ውሃ ውስጥ መዋሉን በመስኮቷ አይታ ሻይ እየጠጡ ጠየቀችው። ለጥንቃቄ ነው አላት። የምን ጥንቃቄ ስትለው ብርጭቆውን አዟዟረ። ጥቂት አየችውና ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት።

"አወቅኋት" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "የይሉኝታ ሳንቃ ናት።"

ከዚያ ወዲህ የሳንቃዋ ስም ያ ሆነ። በሁለቱ መካከል ብቻ የሚነገር ቀልድ ነበር፤ እንደ ቤት ቀልድ ሁሉ ቀስ በቀስ ሳቁ አለቀና ስሙ ቀረ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሰው ሁሉ እስካሁን ቲቸር ይላቸዋል። ጠብ አይወዱም። ያለፈው በጋ ሰፈሮቹ አልስማማ ሲሉ፣ "ግማሹን ሳንቃ እናውጣ፣ ግማሹን እንተው፤ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንቻል" አሉ። አዳራሹ ተነፈሰ። እሱ ግማሽ ማውረድ ምንም ካለማውረድ እንደሚብስ ያውቅ ነበር። ዳሩ በደንብ አይደርቅም፤ መሃሉ ደግሞ ስስ ሆኖ ፀሐይ እስከ ታች ትገባለታለች፣ ተኝቶ የነበረው ጭራ ሁሉ ይነቃል። ሊናገር ብድግ ሲል የጥርስ ሐኪሙ ዞር ብሎ አየው። ምናልባት ዝም ብሎ ነው ያየው። "ይሁን" ብሎ ተቀመጠ።

እንደፈራው ሆነ። ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሲጠራ ጭራው ከዳር እስከ መሃል ሞላው። ዋናተኛ እግሩ ይያዛል፣ መቅዘፊያ ይያዛል። አንዳንዱ ነዋሪ በቅንነት ማጭድ ይዞ ገብቶ ያጭድ ጀመር፤ ቁራጩ በነፋስ እየተነዳ ንጹሕ የነበረውን ጥግ ሁሉ ወረረው። እሱ ከጠዋት እስከ ማታ በታንኳ እየዞረ ቁራጭ ይለቅማል። ማታ እህቱ ከቦቲው ሥር የተጣበቀ አረንጓዴ ክር እየነቀለች "ወደ ቤትም አስገባኸው?" ትለዋለች።

ዘንድሮ በጋው ሲገባ ስብሰባ ተጠራ። እህቱም እዚያ ነበረች። የአዳራሹን አዲስ መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት፤ ጫፉ ወለል እየነካ አስቸግሮ ልታሳጥረው መጥታ ስብሰባው ደረሰባት፤ ከኋላ ወንበር ላይ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሰፋ ነበር።

ላይኞቹ ዘንድሮ ጨርሶ ሳንቃ አይነሳ አሉ። ባለፈው ትንሽ ብናወርደው አረሙ ባሰ፤ ስለዚህ ማውረድ ነው ያመጣው፤ ውሃውን ከፍ አድርገን ፀሐይ እንከልክለው የሚል ነበር ሐሳባቸው። ለሚሰማው ሰው ስሕተት አይመስልም። ታችኞቹ ሁሉም ሳንቃ ይውጣ አሉ፣ ግን የተናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ቲቸር ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ እስቲ ውሃ ጠባቂያችን ይናገር አሉ።

"ኧረ እሱማ የሚለውን እናውቃለን" አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ፈገግ ብሎ።

ሰዉ ትንሽ ሳቀ። እሱ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። "እናንተ እንዳላችሁ" አለ።

ውሃው ባለበት እንዲቆይ፣ ነገሩም ዳግም እንዲታይ ተወስኖ ስብሰባው ተበተነ። እህቱ ክሩን በጥርሷ በጥሳ መጋረጃውን ሰቀለች።

ነገሩን ያነሳችው ሳምንት ሳይሞላ ነው። ከሳንቃዎቹ ሲመለስ ከክፍሏ ጠራችው። "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ይሄን እየው።"

ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የመጣ ሰማያዊ ጣቃ ነበር። እጥፋቱን ገለጠችለት። ግራጫ ነጠብጣብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርዶበታል፤ የተዘጋ ጓዳ ሽታ ይሸታል።

"ይታጠባል" አለ።

"ታጥቧል። ይኸው የታጠበው ነው።"

ጣቃውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ በብርሃን የሚለወጥ ነገር ያለ ይመስል። እሷ መኪናዋ ጋ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ።

"ያን ቀን አዳራሽ ምን ልትል ነበር?"

"ምንም።"

"ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ልትናገር ስትል የቀኝ ጆሮህ ይቀላል። ቀልቶ ነበር።"

"ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እትዬ።"

"አይነቅዝም፤ እውነት ነው" አለች። "ይሻግታል እንጂ። ይኸው በእጅህ ይዘኸዋል።"

ጨርቁን እንደነበረ ለማጠፍ ሞከረ፤ እጥፋቱ አልገጥም አለው። ከዚያ ነው ወደ ልጇ ልትሄድ እንደሆነ የነገረችው። ልጇ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ትሠራለች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ አላት። ሳሉ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

"ሳሉን ለምጄዋለሁ። አንተን ነው ያልቻልኩት። እኔ እዚህ መስኮት ላይ እያለሁ አፍህ አይከፈትም። ይቺን ሳንቃ የጫንከው ሐይቁ ላይ መሰለህ? ደረቴ ላይ ነው የጫንከው፣ ሆዴ። ስታስገባት አይቼ ዝም ያልኩህ እኔም ነኝ። አንተ ሰው ይለኛል ብለህ፣ እኔ ወንድሜ ይከፋዋል ብዬ።"

"አሁን ብትሄጂ ደግሞ ሰው ምን..."

"እሱን እኮ ነው የምልህ" አለች።

የእህቱ ልጅ በኪራይ ፒካፕ መጥታ ወሰደቻት። የስፌት መኪናዋ ላይ አንሶላ ጣል አደረጉበት፣ ጣቃዎቹን በፌስታል ጠቀለሉ። "ጋሼ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ አይደርስባትም" ብላ የእህቱ ልጅ ሳመችው። ፒካፑ ኮረብታውን ሲወጣ ቆሞ አየና መንጠቆውን አንስቶ ወደ ሳንቃዎቹ ሄደ። እዚያ የሚሠራ ነገር አልነበረውም።

ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ነገሩ ሁሉ ቀላል ሆኖ ጠበቀው። የጥርስ ሐኪሙ ጀልባ መሃል ሐይቅ ላይ ጭራ ጠምጥሞት ሞተሩ ተቃጥሏል፤ እስከ ደረቱ ገብቶ እየጎተተ ነው ያወጣው። መጀመሪያ ተነስቶ የተናገረውም እሱ ነው፤ እንደ ሞኝ ውሃው ላይ ከመሟገት አንድ በጋ ጭቃ እንቻልና እንገላገል አለ። አባ ሳንቃ ሲጠየቅ፣ ግማሽ አያዋጣም፣ ሁሉም ይውጣ፣ እስከ ሥሩ ሳይደርቅ አይዘጋ ብሎ ተናገረ። ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት። ሰው ሰማው፤ ማንም አልሳቀም፤ እጅ ወጣና አለቀ።

ሲወጡ የጥርስ ሐኪሙ ትከሻውን ያዝ አደረገው። "ደህና ተናገርክ። እህትህም ሄዳለች፤ አሁንማ ማንም ምንም ሊልህ አይችልም" አለው። ለማጽናናት ነበር ያለው፤ ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረበትም። አባ ሳንቃ ራሱን ነቀነቀ። ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ቃል ይህ ነበር፤ ሲሰማው ግን አልጣመውም፤ ቆቡን ደፍቶ ሄደ።

ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። ከታችኛው ሰፈር ሁለት ጎረቤቶች በገመድ አገዙት። ውሃው በመጀመሪያ በስሱ፣ ኋላ በጉልበት ወጣ፤ ግድቡ ሥር ያለው ጅረት ቀን ከሌት ሲጮኽ ሰነበተ። ሐይቁ ዳር ዳሩን እየገፈፈ ወደ መሃል ሸሸ። ከሥሩ የፕላስቲክ ወንበር ወጣ፣ መነጽር ወጣ፣ ሐኪሙ ተሰረቀ ብሎ ሰፈሩን ያማበት መቅዘፊያም ከገዛ ደረጃው ሥር ወጣ። ጭራው ጭቃው ላይ እንደ ታጠበ ፀጉር ተኛ። መጀመሪያ ሽታው ሰው አላስወጣ አለ። ቀስ በቀስ ቡናማ ሆነ፣ ኋላም ገለባ። እሱ በመንሽ እየሰበሰበ በጋሪ አርቆ ይደፋል፤ ላይኞቹም አፍንጫቸውን አስረው አገዙ። ጉልበቱ ማታ ማታ አብጦ ያድራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ወደ እህቱ ክፍል ገባ። ከሄደች ወዲህ አልገባበትም ነበር። ወለሉ ደርቋል፤ ሲረግጠው አቧራ ተነሳ። የመኪናዋ እግሮች የቆሙባቸው ጡቦች እንዳሉ ናቸው። በእጁ ግድግዳውን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው፣ ይሞቃልም። ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

ደህና ናት ወይ አላት። ደህና ነኝ አለች። ሳልሽስ? እሱማ ለቆኛል አለች። ሥራስ አላት።

"የታችኛው ፎቅ ሰውዬ መኪናዋን ስረግጥ በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን ይደበድባል። ሕመምተኛ ነው መሰለኝ፤ ለሰውየው አዝኜ ተውኩት። ልጄም እናቴ ዕረፊ ትለኛለች። ዐርፌያለሁ። መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውን አያለሁ።" ቀጥላም ጠየቀችው፣ "ወረደ ወይ?"

"ወረደ።"

"ወለሉስ?"

"ደርቋል።"

"እኔ ስወጣ" አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ሳል አልነበረበትም። እሱ ግን በመስኮቷ እያየ ነበር። ከእሷ ወንበር ሆኖ ሳንቃዎቹን አይቷቸው አያውቅም፤ ሁሉም ነገር ይታያል። የቆመበት ቦታ፣ ቀዩ መስመር፣ መንጠቆውን የሚሰቅልበት ምስማር። ያን ሁሉ ዓመት ከዚህ ተቀምጣ ሳንቃዋን ሲያስገባ ታየው ነበር።

ደመናው መክበድ ሲጀምር መዝጊያው ደረሰ። ቲቸር ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ የጥርስ ሐኪሙም መጣ፣ ሞተሩን አሠርቶ ውሃውን ናፍቆ። እሱ ሳንቃዎቹን ከታች ጀምሮ ደረደረ። ወፍራም እንጨት በቦዩ ውስጥ ሲወርድ ያቃስታል፤ እሱም አብሮ ያቃስታል። ቀዩ መስመር ጋ ሲደርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለ፣ መንጠቆውንም አስደገፈ።

"አንዷ ቀረችህ" አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ መሬት ላይ ያለችውን እያሳየው።

"እሷ ትርፍ ናት።"

"ምን ትርፍ አለው? በየዓመቱ ትገባ የለ እንዴ? እሷ ካልገባች ውሃው የታችኛው ደረጃዬ ላይ አይደርስም። አውቀዋለሁ፤ እዚያ ተቀምጬ ነው እግሬን የምነክረው።"

አባ ሳንቃ ሰውየውን አየው። የፈራቸው ሰዎች ፍርሃቱን እንደ መብታቸው ቆጥረው ለምደውት ኖረዋል። መቆጣት ነበረበት ይሆናል፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት ግን አላገኘም።

"ስምምነቱ ቀዩ መስመር ነው" አለ። "ይቺን የጨመርኳት እኔ ነኝ፣ ከራሴ። አንድ ጊዜ እዚህ ቆመህ የእህቴን ወለል ለማድረቅ ውሃችንን ያፈሳል ብለህ ነበር። እንዳትሉኝ ብዬ ነው የጨመርኳት።"

"እኔ?" አለ የጥርስ ሐኪሙ። ከልቡ ነበር የደነገጠው። "እኔ ነኝ ያልኩት? መቼ?" ወደ ቲቸር ዞረ። እሳቸውም አያስታውሱም።

አባ ሳንቃ ሳቅ መጣበት። ቀልዱን ያስታወሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱና በጨርቁ ላይ የወረደው ሻጋታ።

"ብትልም ባትልም ተወው" አለ። "እህቴ ነገ ትመለሳለች፤ ደውዬ ተስማምተናል። ከመስመሩ አላሳልፍም።"

የጥርስ ሐኪሙ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "ታዲያ አሁን ሰው ለእህቱ ብሎ ነው አይልህም? ስለ አንተ ብዬ ነው።"

"ይበል" አለ። "ደክሞኛል።"

ቲቸር ጃንጥላቸውን ዘግተው ወደ ግድግዳው ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ቀዩን መስመር አዩ። ያስቀቡት እሳቸው በዘመናቸው ነበር። "መስመሩ እዚህ ከሆነ እዚህ ነው" አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። የጥርስ ሐኪሙ እግሩን ለመንከር ወደፊት መዋኛ ገንዳ መቆፈር ሊኖርበት እንደሆነ እያጉረመረመ ሄደ። ሲሄድ መቀለዱ ነበር ወይስ መቀየሙ አልለየለትም። አባ ሳንቃም ለመለየት አልሞከረም።

በማግስቱ ፒካፕ ተከራይቶ ሄዶ አመጣት። ወደ ግድቡ የሚያወርደው መንገድ በላይኛው ሰፈር መሃል የሚያልፈው ነው። ሹፌሩ የስፌት መኪናዋን በሸራ ልሸፍናት ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ተዋት አለው። መኪናዋ ከኋላ ቆማ፣ መዘውሯ በነፋስ እየዞረ፣ በየደጁ አለፉ። የጥርስ ሐኪሙ የአጥሩን ተክል እያጠጣ ነበር። እጁን አነሳ፤ ሰላምታ ይሁን ውሃ ማራገፍ አልታወቀም። እህቱ ግን በመስኮት ብቅ ብላ ሰላም አለችው፤ እንድታሳጥርለት የሰጣት ሱሪ ገና እሷ ዘንድ ነው።

ቤት ሲደርሱ ክፍሏ ውስጥ ገብታ ወለሉን በእግሯ ጫፍ ነካካችው፣ ግድግዳውን ዳሰሰችው። ከዚያ መስኮቱ ሥር ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ሳንቃ አየች። ጥቁር፣ ወፍራም፣ በአንድ ጎኗ ላይ የደረቀ ጭራ የተለጠፈባት።

"ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"አወጣኋት።"

"አውጣት ብዬህ ነበር?"

"አላልሽኝም።"

"ታዲያ?"

የስፌት መኪናዋን ጡቡ ላይ እያመቻቸ ነበር። እግሮቹን አንድ በአንድ አስተካክሎ ቀና ሲል ጉልበቱ ጮኸ።

"ከበደችኝ፣ እትዬ።"

እህቱ አላየችውም። ሳንቃዋ ላይ የተለጠፈውን አረም በጥፍሯ እየላጠች ነበር። ውጭ የመጀመሪያው ዝናብ ሳንቃዎቹን መምታት ጀምሯል፤ ሐይቁ ሊሞላ ነው፣ ወለሉም እንደ ድሮው ባይሆን ትንሽ ትንሽ ማላቡ አይቀርም። ሁለቱም ያውቁታል።

"በጡብ ላይ አጋድማት" አለችው በመጨረሻ። "ጣቃዎቹን ከመሬት አነሳባታለሁ።"

"ውስጧ ገና እርጥብ ነው እኮ።"

"ትደርቃለች" አለች። "አንተ ይልቅ ያን ቦቲ አውልቅ፤ ወለሌን አታቆሽሽብኝ።"